በጉምቦ ስም የተጠራ ጊታር

ታንጋ ከተማ ገብታችሁ ሩፊኖ ሴምሃንዶን ብትጠይቁ፣ «ማን? ያ ብስክሌቱን እየገፋ የሚሄደው ሰውዬ?» ይሏችኋል። እዚህ ከተማ ሕፃኑም ሽማግሌውም ብስክሌት ላይ ነው፤ በእግሩ እየሄደ ብስክሌት የሚገፋው እሱ ብቻ ስለሆነ በዚያ ይታወቃል። ለምን እንደሚገፋ የሚጠይቅ የለም። ፍሬን መጨበጥ ስላቃተው ነው። ጣቶቹ ገመድ ፋብሪካ ከሠራ ወዲህ እየታጠፉ፣ ጠዋት ጠዋት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ካልተነከሩ አንዘረጋም ይላሉ። እነዚያ ጣቶች ምን እንደሠሩ የሚያውቅ ቢኖር እኔና ሚስቱ ነን። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ከተናደድኩም ቆይቻለሁ።

ዙበሪ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰፈሩ «ፉንዲ» ይለኛል፤ ባለሙያ ለማለት ነው፣ ሱሪ ያበላሸሁበት ሰው እንኳ እንደዚያው ነው የሚጠራኝ። ሱቄ ንጋሚያኒ ሰፈር፣ አሥራ አራተኛው መንገድ ላይ፣ ከኩሲ ጃዝ አዳራሽ ፊት ለፊት ነው። ኩሲ ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ባንዱ ስሙን ከእሱ ወሰደ። ዛሬ አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። የባንዱን ልብስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ የእያንዳንዳቸውን ጠባይ ከነልካቸው አውቃለሁ። መሪያቸው ሻባኒ ጉምቦ ትከሻው ላይ ጥጥ እንድጨምርለት ይለምነኝ ነበር። ዘፋኙ አዋዲ ሲዘፍን ስለሚያልበው ሰፊ አንገትጌ ይወዳል። ሩፊኖ በዚያ ሁሉ ዘመን የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የጊታሩን ክር እንዳይነካበት የግራ እጅጌውን አጠር እንዳደርግለት።

የተወለደው ብርቱካን ከሚበቅልበት ከሙሄዛ ነው። ወገኑ ቦንዴይ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ። እናቱ መዘምራን መሃል ቆማ የምትይዘው ዋናውን ዜማ ሳይሆን ከሥር የሚሄደውን ነበር፤ የእሱም ጆሮ እዚያው ቀረ። ሰው ሁሉ ላይኛውን ዜማ ሲሰማ እሱ የታችኛውን ይሰማል። ታንጋ መጥቶ ባንዱ ሲፈትነው «አንድ ነገር ምታ» ቢሉት፣ «እናንተ ጀምሩ፣ እኔ እገባለሁ» አላቸው ይባላል። ጉምቦ ስቆ ተቀበለው። ሁለተኛ ጊታር ሆነ።

በእኛ ባንዶች መሪ ጊታር ፊት ይቆማል፤ ጉልበቱን ያርገበግባል፤ ሴቶቹ የሚያዩት እሱን ነው። ከኋላ ምቱን የሚይዝ ሌላ ጊታር አለ። በሁለቱ መሃል ደግሞ ሁለተኛው ጊታር አለ፤ እሱን ማንም አያየውም። ሲኖር አይታወቅም፤ ሲጠፋ ግን ዳንሱ ይደርቅና ሰው ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ቢራውን ይዞ ይቀመጣል። ሩፊኖ እዚያ ቦታ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጫማውን እያየ ነበር ዕድሜውን የጨረሰው።

ስለ አመታቱ ልናገር፤ ነገሬም ይኸው ነው። ጉምቦ ፈጣን ነበር፣ ጣቶቹ ሲሮጡ ዓይን አይከተላቸውም፤ እኔም አጨብጭቤለታለሁ። ሩፊኖ አይሮጥም። አዋዲ አንድ ስንኝ ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ፣ በዚያች ክፍተት ውስጥ ሦስት አራት ድምፅ ያስቀምጣል። ዘፋኙ ሊለው ፈልጎ ያፈረበትን ነገር ጊታሩ ይለዋል። አንዳንዴ አንዷን ድምፅ ከቦታዋ ትንሽ ያዘገያታል፤ ሆድህን ባር ባር ይልሃል፣ ከዚያ ትመጣለች። በማግስቱ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ የማጉረመርመው ግጥሙን አይደለም፣ የጉምቦንም ሩጫ አይደለም፤ እነዚያን ሦስት አራት ድምፆች ነው። የኛ ሰው ግን ላብ ካላየ ሥራ የተሠራ አይመስለውም።

ደግሞ አንድ ነገር እወቁልኝ። በዚያ ዘመን ጊታር የራሱ የሆነ ሙዚቀኛ አልነበረም። ዕቃው በሙሉ የባለቤቱ ነው። የኛ ባለቤት ባለ አውቶቡሱ ብዋና ምባራክ ነበር፣ ብዋና «አቶ» ማለት ነው፤ ጊታሮቹን መጋዘን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ከቀበቶው ጋር ያስረዋል። ልምምድ ሲኖር ይከፍታል፣ ሲያበቃ ይዘጋል። ጉምቦ መሪ ስለነበር ቤቱ ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ባዶ እጁን ነው የሚገባው። ሩፊኖ እንደዚያ እየተጫወተ አንድም ቀን የራሱ ጊታር ኖሮት አያውቅም። የሚለማመደው ቤቱ ውስጥ፣ የሚስቱ ክንድ ላይ ነው። ፔትሮኒላ ሱቄ እየመጣች «ፉንዲ፣ እስቲ ይህን እይ፤ ክንዴን አበልዞ አበልዞ ጨረሰው፤ ሰው ባሏ የሚደበድባት ይመስለዋል» እያለች ታስቀኝ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ባንዱ አዲስ ዘፈን ይዞ ሬድዮ ላይ ሊቀረጽ ወደ ዳሬሰላም ሲሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ኮቶቹ ስላላለቁ አውቶቡስ ውስጥ ቁልፍ እየተከልኩ ነው የሄድኩት። ብዋና ምባራክን «ሬድዮ ላይ ልብስ አይታይም እኮ» ብዬ ብነግረው፣ «ሬድዮ የሰማ ሰው ነገ በአካል ሊያየን ይመጣል፤ ዝም ብለህ ስፋ» አለኝ።

መንገድ ላይ ጉምቦን ወባ ጣለው። ስንደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛሁትና ያላለቁትን ኮቶች ደራረብኩበት። የሬድዮ ሰዎች ጊዜ አልነበራቸውም፤ ቀጣዩ ባንድ በር ላይ ቆሟል። አዋዲ «ሩፊኖ፣ መሪውን አንተ ያዝ» አለው። ሩፊኖ የጉምቦን ጊታር አንገቱ ላይ አጠለቀ። በሩ ክፍት ስለነበር እኔ በአንድ ዓይኔ ጉምቦን፣ በአንድ ዓይኔ እነሱን አያለሁ።

ዘፈኑ «ባቡሩ ዘገየ» ይባላል። ባሏን ጣቢያ ላይ ስለምትጠብቅ ሴት ነው። አዋዲ ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈነ፤ ጊታሩ ብቻውን የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደለመደው እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ጮኸ፦ «ጉምቦ! ንገራቸው!»

ጉምቦ እኔ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ፣ ኮት ለብሶ ይቃዣል።

ሩፊኖም ነገራቸው። ምን ልበላችሁ? እንደ ጉምቦ ሊሮጥ አልሞከረም። ባቡር ያልመጣላትን ሴት ትንፋሽ ነው የተጫወተው። ትጀምርና ትተወዋለች፣ ትጀምርና ትተወዋለች፤ መጨረሻ ላይ ረዥም መንገድ ወደ ታች ትወርድና አንዲት ድምፅ ላይ ትቀመጣለች፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው። ጣቴን በመርፌዬ ወጋሁት። ከመስተዋቱ ኋላ ተቀምጦ የሚቀርጸው ሰው አውራ ጣቱን አነሳ፤ አለቀ፤ «ቀጣይ!» ተባለ።

አዋዲ ያኔ ነው የባነነው። አፉን ያዘ። «ውይ ሩፊኖ ወንድሜ! ምላሴ ለምዶብኝ እኮ ነው! እንድገመው እንበላቸው?»

«ምን ችግር አለ?» አለ ሩፊኖ። «ጉምቦም የኛው ነው።»

ይህቺ «ምን ችግር አለ» የምትባል ቃል ናት ሰውየውን የጨረሰችው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ አፍ የሌለው እንዲህ ነው የሚሆነው።

ዘፈኑ አገር አዳረሰ። አውቶቡስ ውስጥ እሱ፣ ሻይ ቤት እሱ፣ ዓሣ ገበያ እሱ። ሰው ጊታሩ ጋ ሲደርስ ንግግሩን ያቋርጣል። ሁሉም ከአዋዲ ጋር አብሮ «ጉምቦ! ንገራቸው!» ይላል፤ ልጆች ኳስ ሲያገቡ ሳይቀር። ጉምቦ ከወባው ሲነሳ የአገሩ ታላቅ ጊታር መቺ ሆኖ ተነሳ። ችግሩ፣ መታው የተባለውን መምታት አይችልም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሱቄ ጓዳ ገቡ። ጉምቦ ጊታሩን ይዟል። «አስተምረኝ፤ ቅዳሜ ሰው ይጠብቀኛል» አለው፤ ሲናገር አፍሮ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሩፊኖ አስተማረው። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ስሰማ ነበር።

«እንዲህ አይደለም። ቆይ፣ እዚህ ጋ ዝም በል።»

«ዝም ማለትም መምታት ሆነ?»

«እሱ እኮ ነው ዋናው። አንተ ትቸኩላለህ፤ ሴትየዋ ግን ገና እየጠበቀች ነው።»

«ወላሂ አንተ ሰው ታሰቃያለህ!» ጉምቦ ሳቀ። ሩፊኖም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጉምቦን ሌባ ነው አልልም፤ ሙት መውቀስ ጠባዬም አይደለም። አንድ ሰርግ ላይ ማጉያውን ይዞ «ይህን የመታሁት እኔ አይደለሁም፤ ያ ነው፣ ሩፊኖ!» ብሎ በጣቱ አሳይቶ ያውቃል። ሰው ምን አለ? «አቤት ትሕትና! ታላቅ ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ አያችሁ?» ብሎ እልል አለ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ግንባሩን ሳሙት። እውነቱን በተናገረ ቁጥር ስሙ ጨመረ፤ በኋላ እሱም ተወው።

ከዚያ የቃጫ ገበያ ወደቀ። የቃጫ እርሻዎቹ ሲዘጉ ቅዳሜ የሚጨፍር ሰው ጠፋ፤ ብዋና ምባራክ አዳራሹን ዘጋ፣ ጊታሮቹን የት እንዳደረሳቸው አላውቅም። ሩፊኖ ገመድ ፋብሪካ ገባ። ቃጫ የጎተተ ያውቃል፤ እጅን ይልጣል፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። ሳየው አንጀቴ ይበላኛል። ሰው ጊታር በሚመታበት እጁ ገመድ ይጎትታል? ግን ጊታር የለው፣ ምን ያድርግ።

ጉምቦ ሲሞት ከተማው ወጣ። ሩፊኖ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ የሙስሊም ጓደኛውን ቃሬዛ ተሸክሟል። መቃብሩ ጋ አንድ ሽማግሌ «ያንን ዜማ የመታች እጅ ዛሬ አፈር ገባች» ብሎ አለቀሰ፤ ሕዝቡም አብሮት አለቀሰ። ሩፊኖ እዚያው፣ ከጎኔ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ ቆሟል። ፔትሮኒላ ራቅ ብለው ከቆሙት ሴቶች መሃል ልትናገር አፏን ስትከፍት አይቶ በዓይኑ ዝም አሰኛት። ስንመለስ «ለምን?» አልኩት። «ሰው ቀብር ላይ እንዴት የራሱን ያወራል?» አለኝ። አሁንም ትክክል ነበር። ይህ ሰው ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ ነው የጠፋው።

ያለፈው የብርቱካን ወቅት ላይ ነው ሱቄ መጥቶ ያልጠበቅኩትን የጠየቀኝ።

«ፉንዲ፣ ሸሚዝ ስፋልኝ።»

«ምነው? በፔትሮኒላ ላይ ልታገባ ነው እንዴ?»

አልሳቀም። «ከዳሬሰላም አንድ ሰው መጥቷል፤ ብዋና ሙሎካ የሚባል። የድሮ ዘፈኖችን የሚጫወት ባንድ እያቋቋመ ነው አሉ። ጊታር መቺ ይፈትናል።» እጁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፤ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ጎብጠው ቀሩ። «ሐኪሙ አንድ ዓመት ቢቆይልህ ነው አለኝ። ከዚያ ቡጢ ሆኖ ይቀራል።»

«ሩፊኖ…»

«ሳይቀር፣ አንድ ጊዜ ሰው ይስማኝ። የኔ ነው ብዬ ልምታው። አንድ ጊዜ ብቻ። ብዙ ጠየቅኩ?»

እሱ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሸሚዙን በዚያው ቀን ጨረስኩት።

ፈተናው አንድ የማኅበር አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ አብሬው ሄድኩ። ፔትሮኒላ በፔርሙስ ሙቅ ውሃ ሰጥታን ነበር፤ በር ላይ ቆመን ጣቶቹን ነከርናቸው። ሙሎካ ጎልማሳ ነው፣ ሥርዓት ያለው፣ ሁሉንም «ባባ»፣ አባት፣ እያለ የሚያነጋግር። ጊታር ሰጠው። ሩፊኖ ጊታሩን ሲያቅፍ ፊቱን ልየው ወይስ ዓይኔን ላዙር አላወቅኩም። ከኩሲ ጃዝ ወዲህ ነክቶ አያውቅም።

«ባቡሩ ዘገየ»ን መታ። የጎበጡት ጣቶች የማይደርሱበትን በሌሎቹ እያዞረ፣ አንዷንም ድምፅ ሳይጥል። ሙሎካ ዓይኑን ጨፈነ። ሲያልቅ ዓይኑ እርጥብ ነበር። እኔ በልቤ «አበቃ፤ ተገኘ» አልኩ።

«ባባ፣ ይገርማል» አለ ሙሎካ። «ጉምቦን ቃል በቃል ይዘውታል! እንዲህ አድርጎ የቀዳው ሰው አላየሁም።»

ሩፊኖ ጊታሩን አየ።

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። «ማንን ነው የቀዳው? ራሱን? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የመታው እሱ ነው! ጉምቦ ኮሪደር ላይ ኮቴን ለብሶ ተኝቶ ነበር!»

ሙሎካ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ካሴቱን አውጥቶ ቴፑ ውስጥ ከተተው። የአዋዲ ድምፅ፣ እንደ ትናንት፦ «ጉምቦ! ንገራቸው!» ሙሎካ አጠፋው። «ባባ ፉንዲ፣ እንግዲህ እኔ ምን ልበል? እዚህ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ‹የመታሁት እኔ ነኝ› ብሎ የመጣ እርሳቸው የመጀመሪያው አይደሉም።»

«ከባንዱ በሕይወት የቀረ አዋዲ አለ!» አልኩት። «ጉምቦ ብሎ የጮኸው ራሱ! ሦስት መንገድ አልፎ ነው ቤቱ። ና እንሂድ!»

ሙሎካ ለክብራችን ብሎ ተነሳ። እኔ እየሮጥኩ፣ ሩፊኖ ብስክሌቱን እየገፋ ሄድን። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ልለቅም እየሮጥኩ እንደሆነ ምን አውቄ።

አዋዲ ዘፈን ከተወ ቆይቷል። መካ ደርሶ ተመልሷል፤ ሃጂ አዋዲ ነው የሚባለው። በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ መቁጠሪያውን ይዟል። ሲያየን ደስ አለው፤ ሻይ በዝንጅብል አስቀዳልን፣ የሩፊኖን ጉልበት መታ መታ አደረገ።

«ሃጂ፣ ሬድዮ የተቀረጽን ቀን ታስታውሳለህ?» አልኩት።

«እንዴት እረሳለሁ! ጉምቦ፣ አላህ ይማረው፣ ወባ ይዞት ነበር።»

«ያዝልኝ እንግዲህ!» አልኩት ለሙሎካ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነሳ። እየተንቀጠቀጠ ተነስቶ መታው። ወንድ ነበር!»

«ምን? አዋዲ! ተኝቶ ነበር እኮ! የመታው ሩፊኖ ነው! ተሳስተህ ጠራኸው፣ ከዚያም አፍህን ያዝክ!»

አዋዲ በጣም አዘነልኝ፤ ፊቱ ላይ ይታያል። «ፉንዲ፣ ሁላችንም አርጅተናል። እኔው ራሴ ጠራሁት እኮ። ካሴቱ አለ፤ ልጆቼ በየጊዜው ያሰሙኛል። ጉምቦ ባይሆን ለምን ጉምቦ እላለሁ? የገዛ ድምፄን ልካድ?»

አልዋሸም። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ቢዋሽ እሰድበው ነበር። ካሴቱን ሲሰማ፣ ሲሰማ፣ ያየው ነገር ከጭንቅላቱ ወጥቶ የሰማው ገብቶበታል።

ያኔ ሩፊኖ ተናገረ። ድምፁ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «አዋዲ። እኔ ነኝ። እኔ ነበርኩ የመታሁት።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አለው። እኔ እስከማውቀው ለማንም ብሎት አያውቅም።

አዋዲ የጎበጠውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ አሻሸው። «ሩፊኖ ወንድሜ» አለ በፍቅር፣ «አንተም እኮ ጥሩ ትመታ ነበር።»

ሻያችንን ጠጥተን ወጣን። በር ላይ ሙሎካ ሩፊኖን ለብቻው ይዞት ቆመ፤ እኔ ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ። እንዲህ ነበር ያለው፦ የሚመጣው እሑድ ከሰዓት እዚሁ ታንጋ ይጫወታሉ። ቦታውን ሊሰጠው ፈቃደኛ ነው። ግን ሰው የሚመጣው ለጉምቦ ስለሆነ ማስታወቂያው ላይ «ጉምቦ ሁለተኛው» ተብሎ ይጻፋል፤ ዘፋኙም እንደ ካሴቱ ይጠራዋል። «እንደ መታሰቢያ ይቁጠሩት ባባ» አለው።

«አትፈልግም በለው!» ብዬ ጮህኩ። «ሩፊኖ፣ ጥለኸው ና!»

ሩፊኖ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም፤ የሰመጠ ሰው ዓይን ነበር።

«ፉንዲ፣ ጊታሩን ይሰጡኛል» አለኝ። «የጉምቦን ስም እምቢ ብዬ ብሄድ፣ ጊታሩ ይቀራል። ምን ይዤ ልሂድ? ስሜንማ ይዤ ስዞር ይኸው ኖርኩ፤ አንድ ሰው ጠይቆኝ ያውቃል?» ከዚያ ለሙሎካ «እሺ» አለው።

ተጣላሁት። ለሦስት ቀን ሱቄ በር ላይ ሲያልፍ ዓይኔን መርፌዬ ላይ ተከልኩ። ፔትሮኒላ ዓሣ ልትገዛ ስትወጣ አገኘኋትና «ምን ትያለሽ?» አልኳት። «ምን እላለሁ፣ ሌሊት ክንዴን ሲነካካ ያድራል፤ እንደ ድሮው» አለች። የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ ቀና ስል እያለቀሰች ነው።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔም ሄድኩ፤ ተጣልቼ መቅረት አልቻልኩም። ከፔትሮኒላ ጋር ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀመጥን። ልጃገረዶች የራሳቸው ያልሆነውን የእናቶቻቸውን ዘፈን ሊሰሙ አምረው መጥተዋል። ሩፊኖ ከፊት ቆመ፣ የሰፋሁለትን ሸሚዝ ለብሶ፤ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ። የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች እንዴት እንደመታ ልነግራችሁ አልችልም። እነዚያ ሦስት አራት ድምፆች፣ ዘፋኙ በተነፈሰባት ቦታ ሁሉ፣ አላረጁም ነበር። ቁጣዬ ሁሉ በረደ። በማንም ስም ይሁን፣ ይምታ ብቻ አልኩ።

«ባቡሩ ዘገየ» መጣ። ወጣቱ ዘፋኝ እጁን ወደ ላይ ወረወረ፤ አዳራሹም በሙሉ አብሮት ጮኸ፦ «ጉምቦ! ንገራቸው!»

ሩፊኖ ጀመረ። ሴትየዋ ትጠብቃለች፤ ትጀምርና ትተወዋለች። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ፔትሮኒላ ከጎኔ ተነስታ ቆመች፤ ልይዛት እጄን ስዘረጋ አልደረስኩባትም።

«ሩፊኖ!» አለች። ድምጿ ተሰነጠቀ። «ሩፊኖ ሴምሃንዶ!»

ከፊታችን ያለች ልጅ ዞረች። «ማማ፣ ማንን ነው የሚጠሩት? ሰውየው እኮ ጉምቦ ነው።»

ሩፊኖ ሰማት። ያን ሁሉ ዘመን ጫማውን ያየ ሰው ቀና አለ፤ በዓይኑ ሰዉ መሃል ፈለጋት፤ አገኛትም። ወደ ታች የሚወርደው ረዥሙ መንገድ ላይ ደርሶ ነበር። መጨረሻዋን ድምፅ፣ ሴትየዋ የምትቀመጥባትን፣ ሊነካ፣ ዓይኑ እሷ ላይ እንዳለ በሌሎቹ ማዞሩን ረስቶ፣ የጎበጠውን ጣቱን ዘረጋ። ጣቱ አልተዘረጋም። ድምፁ ሳይመጣ ቀረ።

ከኋላችን አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠና ለጓደኛው «ዋናው ጉምቦ ቢሆን እቺን አይስታትም ነበር» አለው።

ፔትሮኒላ ተቀመጠች።